ሦስተኛዋ ባንዲራ

በልጅነቴ የባሕር ዳር ከተማችን የሞናካሊ ሴቶች በሙሉ የእናቴን ወጥ የሚመኙ ይመስለኝ ነበር። ሰማዩ በባሕር በኩል ጠቆር ሲል፣ ነፋሱም የኮኮናት ዛፎቹን ቅጠል ወደ አንድ ወገን ማበጠር ሲጀምር፣ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ። አንዷ እሳት ልትጭር፣ አንዷ ጨው ልትበደር፣ ሌላዋ ምንም ሳትፈልግ መቃኑን ተደግፋ ስለ ልጇ ሳል ልታወራ ትመጣለች። ወሬው የትም ቢዞር ዓይናቸው ከምድጃችን አይነቀልም። ዛሬ ምን እየሠራሽ ነው ይሏታል። እናቴ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታሳያቸዋለች። አይተው፣ ከላያቸው ሸክም የወረደ ይመስል ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው ይሄዳሉ። እኔ ድስቱን አቅፌ ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር። ስስታም ልጅ ነበርኩ።

የሚያዩት ድስቱን እንዳልነበረ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አባቴ ሞፋዘል ዓሣ ማራገፊያው ዘንድ መረብ እየጠገነ ነበር የሚያኖረን። ከዚያ ሌላ ደግሞ፣ ያለ ምንም ደመወዝ፣ የሰፈራችን የማዕበል አስጠንቃቂ ነበር። ለዚህ ሥራው የተሰጡት ዕቃዎች አልጋው ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ፤ ሬዲዮ፣ ሜጋፎን፣ በእጅ የሚዞር ሳይረን፣ መሃላቸው ጥቁር የሆነ ሦስት ቀይ ባንዲራዎች። የሳጥኑ ቁልፍ በእናቴ ሳሪ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ነው የሚውል። ስለዚህ ባሕሩ በተቆጣ ቁጥር አባቴ እናቴን መለማመጥ ነበረበት።

"የፓሩል እናት፣ ቁልፉን ስጪኝ።"

"የፓሩል አባት፣ መጀመሪያ ውሃ ቅዳልኝ። ማዕበሉ እስክትቀዳ ይጠብቅሃል።"

በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም፤ እሷም እንደዚያው። እኔ በሁለቱ መሃል ስሜ በቀን ሃያ ጊዜ ሲነሳ የቤቱ ባለሥልጣን ነኝ ብዬ አምን ነበር።

የማስጠንቀቂያውን ቁጥር የሚናገረው ሬዲዮ ነው። እስከ አራት ድረስ አንድ ባንዲራ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሁለት፣ ከስምንት ጀምሮ ሦስት። ሦስተኛዋ ስትሰቀል ሳይረኑ ይዞራል፣ ሜጋፎኑ ይጮኻል፣ ሰውም ከገበያው ጀርባ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ወደቆመው የሲሚንቶ መጠለያ ይወጣል። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ ነበር የተረዳሁት። አባቴ አንድ ባንዲራ ሲሰቅል ነፋስ ይመጣል፤ ሁለት ሲሰቅል ዝናብ ይጨመራል። ስለዚህ ባንዲራዎቹ ማዕበሉን የሚጠሩት መሰለኝ። ካልተሰቀሉ አይመጣም ማለት ነው። በሒሳብ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ፤ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ እጄ ከራሴ በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ የተሳሳተ ነገር እንኳ ሲያስብ እርግጠኛ ሆኖ ነው።

አንድ ዓመት ሩዝ ሊታጨድ ሲል ሬዲዮው አሥር አለ። አባቴ ሦስቱንም ሰቅሎ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኾ ሰውን ሁሉ ወደ መጠለያው አወጣ። ሁለት ቀን ተጨናንቀን ተቀመጥን። ለሰባት መቶ ሰው አንድ ሽንት ቤት ነበር፤ በሩ ላይ ወንዶች ተሰልፈዋል። እናቴ ወንድሜን ቱቱልን አርግዛ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ በአፏ አልዞረም። ስለት ያለባት መስሎኝ እኔም አብሬያት ልጾም ስል በጥፊ ተመታሁ። በወንዶቹ ፊት ላለመሰለፍ ብላ እንደሆነና ከዚያ ወዲያ ኩላሊቷ እየወጋት እንደኖረ የነገረችኝ አፓ፣ ታላቅ እህት፣ እያልን የምንጠራት ጎረቤታችን ኮሂኑር ናት፤ እሱንም ካደግሁ በኋላ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ። ዝናብ እንኳ በወጉ አልዘነበም። ወደ ቤት ስንመለስ ዳክዬዎቹ የሉም። ከሦስት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ተነቅሏል። የኮሂኑር አፓ የልብስ ስፌት መኪና፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ልጆች ያሳደገችበት፣ ከነጠረጴዛው ተወስዷል። ሰው ሌባውን መርገም ሲደክመው ወደ አባቴ ዞረ። ሻይ ቤት ያለው ሶቡር ሚያ "ሦስት ባንዲራ" የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙ በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ትምህርት ቤት ልጆቹ እኔን ሲያዩ "ሦስት ባንዲራ መጣች፣ ዳክዬህን ደብቅ!" እያሉ ይከተሉኛል። እያለቀስኩ ስገባ አባቴ መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። በኋላ መሳቁን ተወ፤ ቆይቶም በሻይ ቤቱ በኩል ማለፉን ትቶ በጨው ማሳው ዞሮ መምጣት ጀመረ።

አባቴ አልዋሸም ነበር። ማዕበሉ በጀልባ የሁለት ቀን መንገድ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሌላ ከተማ ላይ ወደቀ። እዚያ ስንት ሰው እንዳለቀ ዛሬ ቢሮዬ ያለው መዝገብ ይናገራል። ሞናካሊ ግን የዳክዬዎቹን ቁጥር ብቻ ነው የያዘችው።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት ላይ ሩዙ ሊታጨድ ቀናት ሲቀሩት ሬዲዮው እንደገና ይቆጥር ጀመር። ሰኞ አራት፣ ማክሰኞ ስድስት። ሁለት ባንዲራዎች ገበያው መሃል ባለው የቀርከሃ ምሰሶ ላይ ወጡ። ማክሰኞ ማታ አባቴ ሊተኛ ሲል እግሩን ይዤ ሦስተኛዋን እንዳይሰቅላት ለመንኩት። እንዲምልልኝ ፈለግሁ። ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎ ተኚ አለኝ። አልማለም፤ እኔ ግን ስለዳበሰኝ ብቻ የማለልኝ ያህል ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በፊት አየሩ እንደ ታፈነ ክፍል ነበር። ቁራዎቹ ሁሉ ከባሕር ዳር ወደ ትምህርት ቤቱ ዛፎች መጥተው ነበር፤ መምህሩም በጊዜ አሰናበተን። አባቴ ሦስተኛዋን ባንዲራ በብብቱ ይዞ፣ ሬዲዮውን እኔን አሸክሞ፣ ወደ ምሰሶው ወጣን። ወደ ምሰሶው የሚወስደው መንገድ በሶቡር ሚያ ሻይ ቤት በር ነው። ሌላ ማለፊያ የለውም።

"እህ፣ ወንድሜ ሞፋዘል፣ ዛሬስ ስንት አወጣህልን?" አለ ሶቡር፣ ሻዩን ከፍ አድርጎ እየቀዳ።

"ስምንት" አለ አባቴ።

"አምና አሥር ብለኸን ቅጠል አልወደቀም። ዘንድሮ ቅናሽ አድርገሃላ!"

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። አስጠንቃቂዎች ስንሠለጥን ከስምንት ጀምሮ ሦስት እንደሚሰቀል ነግረውናል አላቸው። ሶቡር ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን እንዲያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ወንድም ነው የተናገረው።

"እኔ አልከለክልህም። ስቀላት። ግን ኮሂኑር ሌላ የስፌት መኪና የላትም። ሕዝቡን ዛሬ በስምንት አውጥተህ ነገ ፀሐይ ከወጣ፣ ከነገ ወዲያ አሥር ስትል ማን ይሰማሃል? ስምንት ከአሥር ለምን እኩል እንደሚሰቀል ነግረዋችኋል?"

አባቴ ባንዲራዋን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። ነግረውት ረስቶት ይሁን፣ አልነገሩት ይሁን ዛሬም አላውቅም። ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚህ ጭንቅ በቀልድ ሊወጣ የፈለገ ይመስለኛል።

"እስቲ ፓሩል፣ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። ስምንት ከአሥር በስንት ያንሳል?"

እጄ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ተወረወረ። በሁለት አልኩ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሶቡር ሚያ ከመስታወት ዕቃው ብስኩት አውጥቶ ሰጠኝ። በዓመቱ ውስጥ ከዚያ ሻይ ቤት ለቤተሰባችን የተሰጠ የመጀመሪያው መልካም ነገር ነበር። አባቴ ምሰሶው ሥር ሄዶ ገመዱን ያዘ፣ ባንዲራዋን በአንድ ጫፏ አሰረ፣ ቆመ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ከዚያ ፈታት፣ አጣጥፎ ሸሚዙ ውስጥ ከተታት፤ "ዘጠኝ ካለ እሰቅላታለሁ" አለ ለማንም ሳይሆን። ብስኩቴን እየበላሁ ተከተልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በአባቴ ኮርቼ አላውቅም።

ስምንት ከአሥር አያንስም። ስምንት፣ ዘጠኝና አሥር አንድ ዓይነት ማዕበል ናቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ማዕበሉ ከትልቁ የመርከብ ወደብ በየትኛው ጎን እንደሚያልፍ ወይም በላዩ ላይ እንደሚሄድ ነው እንጂ ስለ ጉልበቱ አይደለም። ለመርከብ አዛዦች የተበጀ ቋንቋ ነበር፤ መረብ ጠጋኙና ሻይ ሻጩ በመደመርና በመቀነስ ተረጎሙት። ዛሬ ወደቡ ያለበት ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ለሰው ስልክ ማስጠንቀቂያ በሚላክበት ቢሮ ነው የምሠራው። እኔ በምጽፈው መልእክት ውስጥ ቁጥር አላስገባም። ውሃው ከበራችሁ ጉበን በላይ ይደርሳል፣ አሁኑኑ ውጡ ብዬ እጽፋለሁ። ከሰዎቹ ብዙዎቹ አንብበው እንደሚያጠፉት አውቃለሁ።

አባቴ አርጅቶ አእምሮው ሲደክም እኔ ዘንድ ነበር። ዝናብ ባየ ቁጥር ስምንት ከአሥር በስንት እንደሚያንስ ይጠይቀኛል። አያንስም አባዬ እለዋለሁ።

"በሁለት ነው ያልሽኝ" ይለኛል።

ያን ረቡዕ ቤት ስንደርስ እናቴ ወገቡ ላይ ቃጭል ያሰረችለትን ቱቱልን አስተኝታ ሩዝና ምስሩን አብራ ለመቀቀል እያጠበች ነበር። ስንት አለ ብላ ጠየቀችው። ነገራት። ሰቀልካት ወይ አለችው። ባንዲራዋን ከሸሚዙ አውጥቶ ሰጣት። እሷም ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ቆለፈችባትና ቁልፉን ሳሪዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች። ሳይረኑንና ሜጋፎኑን አባቴ ከትናንት ጀምሮ መጠለያው ደረጃ ላይ አስቀምጧቸው ነበር። ከዚያ እናቴ ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"የፓሩል አባት፣ እሳቱን ላጥፋው?"

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ሰፈሩ እያየ ነበር። 

"ተይው፣ ይንደድ" አላት።

የራበው መሰለኝ። እናቴም ድስቱን ጣደች። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሽታው እስከ መንገድ ወጣ፤ እንደፈራሁትም ጎረቤቶቹ መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ኮሂኑር አፓ ነበረች። ክንዷ ላይ የልብስ ጥቅል ታቅፋለች። ድስቱን አየች፣ እናቴን አየች።

"እያበሰልሽ ነው?"

"እያበሰልኩ ነው" አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

ኮሂኑር አፓ ጥቅሏን እንደታቀፈች ተመለሰች። ከእሷ በኋላ አራት፣ አምስት ሴቶች መጡ፤ ከደጅ ሆነው ጢሳችንን ብቻ አይተው የተመለሱም ነበሩ። ድስቱ እንዳይነካብኝ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ደጅ ወጥቼ ሳይ ከየቤቱ ጢስ ይወጣል። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሰባት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የእኛን ወጥ አይቶ አምሮት ምሳ የሠራ መሰለኝና ለእናቴ ሮጬ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ ፊቷን ወደ ጢሱ አዞረች፤ ዓይኗ ሲያነባ ከጢሱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከአምናው ወዲህ ሰው ምሰሶውን ማየት ትቶ ነበር። የሚያየው እኛን ነበር። ባንዲራ ሰቃዩ ቢቀጥፍ ሚስቱ አትቀጥፍም፤ እሷ እሳቷን አጥፍታ ልጇን ካዘለች እውነት ነው፤ ድስት ከጣደች የሚያሰጋ ነገር የለም። በዚህ ሁሉም ተስማምቶ ነበር፣ ከእኔ በቀር። እናቴ እሳቱን ላጥፋው ስትለው የጠየቀችው ስለ አሥራ ሰባት ቤት ነበር። እሱም የመለሰላት ስለ አሥራ ሰባት ቤት ነበር።

ለምን ዝም ብላ አላጠፋችውም? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ያ መጠለያ፣ ያ ሽንት ቤት፣ ያ ሰልፍ ትዝ ብሏት ይሆናል። ወይም ደግሞ ዳግመኛ በባሏ ላይ እንዳይሳቅ ብላ። ሁለቱም ያናድዱኛል። በሞተች ሴት ላይ መናደድ ደግሞ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ያየው ያውቀዋል።

በላን። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ዞረ፤ ከባሕር ወደ ምድር ይነፍስ የነበረው ለአንድ አፍታ ጸጥ ብሎ፣ ከዚያ ከሌላ ወገን መጣ። ዝናቡ በጎን ይመታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛም ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ፣ የሶቡር ሚያ ጣሪያ አንድ ጠርዙ ተነስቶ እንደ ጆሮ ሲርገበገብ እያየን ስንስቅ ነበር። ወደ ምሽት ላይ፣ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ፣ ሬዲዮውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሳለሁ ዜና አንባቢው ዘጠኝ ሲል ሰማሁ። ከዚያ የሚንጫጫ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"አባዬ፣ አንድ ጨመረ" አልኩት።

አባቴ ተነሳ። ቁልፉን አላት፤ ያን ጊዜ እናቴ ውሃ ቅዳልኝ አላለችም። ሳጥኑን ከፍታ ባንዲራዋን ሰጠችው። ልጁን ጠቅልይው፣ ሰቅያት መጥቼ አብረን እንወጣለን አላት። እሷም የውሃ ማሰሮውን ወደ ምድጃው አስጠግታ ቱቱልን አነሳች።

"ሂድ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አያታለሁ። ስትሰቀል ሳይ እሳቱን አጠፋለሁ፤ ሴቶቹም ይነሳሉ።"

እናቴ ስትናገር የሰማሁት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ሬዲዮው በእኔ እጅ ስለነበረ፣ ማንም ተከተይ ሳይለኝ፣ እንደ ጠዋቱ አባቴን ተከተልኩት። በሕይወት የኖርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ገበያው ላይ ስንደርስ ሰው አልነበረም። አባቴ ባንዲራዋን አስሮ ገመዱን ሳበ፤ ሁለቱን አልፋ ወጣች። አየኋት። ሁለት ጊዜ ተንፈራገጠች፣ ከዚያ ነፋሱ ነቅሏት በጣሪያዎቹ ላይ ይዟት ሄደ። አባቴ ባዶውን ገመድ ይዞ ወደ ላይ እያየ ቀረ። ወዲያው ከመስጊዱ መንገድ በኩል መሬቱ ራሱ ተነስቶ የመጣ የሚመስል ነገር አየሁ፤ ጥቁር ነበር፣ ጀልባ፣ በርና ዛፍ ተሸክሟል። አባቴ በወገቤ ይዞኝ ወደ መጠለያው ደረጃ ሮጠ፤ ወደ ላይ ገፍትሮኝ እሱ ሳይረኑ ዘንድ ቀረ።

ሳይረኑን ያዞር ጀመር። ያ ድምፅ ከሥር ተነስቶ ወደ ላይ ሲጮኽ፣ ተስቦ ሲወርድ፣ እንደገና ሲነሳ፣ እኔ መጠለያው ወለል ላይ በራሳቸው ፈርተው ቀድመው ከወጡ ከማላውቃቸው ሰዎች መሃል ተቀምጬ ሰማሁት። አባቴ ከማዕበሉ ጋር እየታገለ መሰለኝ። ድምፁ ካላቋረጠ እያሸነፈ ነው፣ እናቴም ሰምታ እየመጣች ነው ማለት ነበር። እስኪነጋ አላቋረጠም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። ከእርሱ የበለጠ በዚያ ሰዓት ማስጠንቀቂያው ለማንም እንደማይጠቅም የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ግን እጀታውን ከለቀቀ ወደ ሰፈራችን መዞርና ማየት ነበረበት።

ኮሂኑር አፓ ኮኮናት ዛፍ አቅፋ ነው የተረፈችው፤ ከልጆቿ ሁለቱ አልተረፉም። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጠይቃት ስሄድ እንዲህ አለችኝ፤ "እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በአንድ እጇ ማሰሮ፣ በአንድ እጇ ቱቱልን ይዛ። 'አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው፣ ሦስተኛዋ ትታይሻለች?' ብላ ጮኻ ጠየቀችኝ። 'አትታየኝም' አልኳት።"

በመጀመሪያው ቀን እኛን ልጆችን ከመጠለያው እንዳንወርድ ከለከሉን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከታች የአባቴን ድምፅ በሜጋፎን ሰማሁ። ሳይረኑ ንጋት ላይ ከቆመ ወዲህ አላየሁትም ነበር፤ በሕይወት እንዳለ በዚህ አወቅሁ። መጀመሪያ የጠፉ ልጆችን ነበር የሚያስታውቀው፤ ባቡል ነኝ የሚል፣ ዕድሜው አምስት ገደማ፣ የሚያውቀው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይምጣ። ሴት እየጮኸች ስትሮጥ እሰማለሁ፤ ከዚያ አባቴ "ታውቋል" ይላል። ሰዎች አጠገቤ በደስታ ያለቅሳሉ። ጨዋታው ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን ዕቃ ብቻ ሆነ። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ግራ እጅ ላይ የብር ቀለበት፣ ከጡብ ማቃጠያው ጀርባ የተገኘ፣ የሚያውቀው ይምጣ። ቢጫ ሳሪ፣ እግር ላይ አልቦ፣ ከጨው ማሳው የተገኘ፣ የሚያውቀው ይምጣ። ከተማችን ስንት ንጹሕ ሰው እንዳላት ገረመኝ። አምና ዳክዬና ቆርቆሮ የሰረቀ ሕዝብ ዘንድሮ የብር ቀለበት አግኝቶ ለባለንብረቱ ይመልሳል። ይህን አጠገቤ ለነበረች አሮጊት ብነግራት የሳሪዋን ጫፍ ፊቷ ላይ ጣለች።

ሬሳ የሚለውን ቃል እነ አባቴ እንዳይናገሩ ታዘው ነበር። ሰው ራሱን እየሳተ ሲወድቅ ጊዜ፣ ከመንግሥት የመጣው ሹም ልብሱንና ምልክቱን ብቻ ጥሩ አላቸው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አባቴ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤ "አረንጓዴ ሳሪ፣ ጠርዙ ቢጫ። ቀኝ እጅ ላይ ሦስት ቀይ የብርጭቆ አምባር፣ አንዱ በክር የተጠቀለለ። ሳሪው ጫፍ ላይ ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ የቆርቆሮ ሳጥን። ስሟ ያልታወቀ። የሚያውቃት ይምጣ።"

አንድ ጊዜ ብሎ ጠበቀ። እንደገና አለው። ሦስተኛ ደገመው። ማንም አልሮጠም። ክሩን አምባሩ ላይ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ ሲሰነጠቅባት እንዳይወጋት ብዬ። ደረጃውን የሚጠብቀውን ሰው በእግሮቹ መሃል አልፌው ወረድኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ግቢው ውስጥ ሰው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቆሟል፤ መሃል ላይ የመምህሩ ጠረጴዛ፣ በላዩም ቀለበት፣ መነጽርና ቁልፍ ተደርድሯል። አባቴ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ሶቡር ሚያም ነበረ፤ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እጄን አነሳሁ።

"አባዬ፣ የእኛ ነው! የእማዬ ነው፣ ቁልፉም የሳጥናችን ነው። ክሩን እኔ ነኝ ያሰርኩላት!"

አባቴ አየኝ። ሜጋፎኑን ከአፉ አላወረደውም፣ ማብሪያውንም አልለቀቀውም፤ ትንፋሹ በዚያ ትልቅ አፍ ውስጥ እየወጣ እየገባ ከተማው ሁሉ ሰማው። ያን ወረቀት የጻፈው እሱ ራሱ ነበር። ያገኛትም እሱ ነበር፣ ንጋት ላይ፣ ብቻውን። እሷ የእኔ ናት ማለት አቅቶት፣ ከመላው ሞናካሊ አንድ ሰው መጥቶ እንዲልለት ነበር የሚጣራው። የመጣሁለት እኔ ነኝ።

"ታውቋል" አለ በሜጋፎኑ።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ። ድምፁ አልተለወጠም። "ወንድ ልጅ፣ ወደ ስምንት ወር። ወገቡ ላይ ጥቁር ክር፣ ክሩ ላይ ትንሽ የነሐስ ቃጭል። ስሙ ያልታወቀ። የሚያውቀው ይምጣ።"

ይህንንም አውቀው ስለነበር እንደገና እጄን አነሳሁ።